በአንድ አንጀት ሁለት ካንሰር፦ የአንድ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

አንድ ሰው የአንጀት ካንሰር አለበት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አንድ ዕጢ ነው። ዕጢው ይገኛል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ከዚያ ክትትል ይቀጥላል። ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ነገር ግን ከ100 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች መካከል ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት በዚያው ጊዜ፣ እዚያው ትልቁ አንጀታቸው ውስጥ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ካንሰር ይኖራቸዋል። ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ከዓመታት በኋላ አዲስ ካንሰር ይወጣባቸዋል።

እዚህ የምጽፈው በክትትል ክሊኒካችን ስለታከመ አንድ ሰው ነው። ማንነቱን የሚጠቁሙ ነገሮችን አውጥቻለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍም ፈቅዷል። መዝግቤ ላስቀምጠው የፈለግሁት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። ሁለተኛው ዕጢ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምልክት እየሰጠ ነበር። ምልክቱ የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሁሉም አይቶታል። ግን የተገኘው ዕጢ ለሁሉም ነገር በቂ ምክንያት መሰለ፤ ስለዚህ ማንም ሌላ አልፈለገም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

ታካሚው የ44 ዓመት ሰው ነው። ባለትዳር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ከዚህ በፊት የሚታወቅ በሽታ አልነበረበትም። ሲጋራ አያጨስም።

ወራት ያስቆጠረ ችግር ነበረው። አልፎ አልፎ ሰገራው ላይ ደም ያያል። አንዳንድ ጊዜ ይደርቅበታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይቀጥንበታል። ሁለት ቦታ ታይቶ ሁለቱም ጋ "ኪንታሮት ነው" ተብሎ ቅባት ተሰጥቶታል። በጣት የመረመረው ሐኪም እንኳ አልነበረም። ድካምም ነበረው። ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታል። ይህንን ግን ለማንም አልተናገረም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ነበር ያሰበው።

ይህ አካሄድ እጅግ የተለመደ ነው። ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ ሰው ደም አየሁ ሲል መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው ቃል ኪንታሮት ነው። ኪንታሮት በእርግጥ ብዙ ሰው ላይ አለ። ችግሩ ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት መቻሉ ነው። ሳይመረመሩ ኪንታሮት ነው ማለት ግምት እንጂ ምርመራ አይባልም።

ድንገተኛው ሌሊት

አንድ ቀን ሆዱ ተነፋ። አየር ማስወጣት አቃተው። በሁለተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ሆዱ ተወጥሮ ነበር። ሲቲ ስካኑ በግራ በኩል፣ ሲግሞይድ በሚባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ላይ፣ መተላለፊያውን የዘጋ ዕጢ አሳየ። ከዕጢው በላይ ያለው አንጀት በሰገራና በፈሳሽ ተሞልቶ ተለጥጧል። ጉበትና ሳንባ ላይ ስርጭት አልታየም። የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኑ 8.1 ነበር። ለአዋቂ ወንድ የሚጠበቀው ከ13 በላይ ነው። ቀይ የደም ሴሎቹም በመጠናቸው ከመደበኛው ያነሱ ነበሩ። ይህ የአይረን እጥረት መልክ ነው፤ ደም ቀስ እያለ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ የሚመጣው ዓይነት።

በዚያው ሌሊት ኦፕራሲዮን ተደረገ። ዕጢ ያለበት ክፍል ወጣ። አንጀቱ በጣም ስለተለጠጠ ሁለቱን ጫፎች ማገጣጠም አደገኛ ነበር። ስለዚህ የላይኛው ጫፍ በሆዱ ግራ በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ስቶማ ሆነ፤ ከፊንጢጣ ጋር የሚያያዘው የታችኛው ጫፍ ተዘጋ። ሰርጀኑ የቀረውን አንጀት በእጁ ዳብሶ የሚያጠራጥር ነገር እንዳላገኘ ጻፈ።

ለዚህ ሰርጀን ትልቅ አክብሮት አለኝ። ለሊቱን ነቅቶ የሰውየውን ሕይወት አትርፏል። የተዘጋ አንጀት ይቀደዳል፤ ሲቀደድ ደግሞ ሰው ይሞታል። በዚያ ሰዓት ሙሉውን አንጀት በካሜራ ማየት አይቻልም። ዕጢው መንገዱን ዘግቶታል፤ አንጀቱም በሰገራ ሞልቷል። በእጅ መዳበስ ደግሞ የሚያስተማምን ዘዴ አይደለም፤ ትንሽ ወይም ለስላሳ ዕጢ በተለጠጠና በተሞላ አንጀት ውስጥ በቀላሉ ያመልጣል።

የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ዕጢ በማይክሮስኮፕ የታየበት ምርመራ፣ ውጤት ጥሩ የሚባል ነበር። ካንሰሩ የአንጀቱን የጡንቻ ግድግዳ አልፏል፤ ግን ከተመረመሩት 16 ንፍፊቶች አንዱም ጋ አልደረሰም። የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው። ደረጃ 2 ተባለ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ "ኮሎኖስኮፒ ከአንድ ዓመት በኋላ" የሚል ተጻፈ፤ ኮሎኖስኮፒ ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ያ "አንድ ዓመት" የመጣው ከየት ነው? ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሙሉ አንጀታቸው በካሜራ ታይቶ ንጹሕ ለሆነላቸው ታካሚዎች የተቀመጠ ጊዜ ነው። እነሱ በ1 ዓመት፣ ቀጥሎ ከ3 ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ከ5 ዓመት በኋላ ይታያሉ። አንጀቱ ተዘግቶ ሙሉ ምርመራ ላልተደረገለት ሰው ግን ሌላ ደንብ አለ፦ ቀሪው አንጀት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ትክክለኛ ደንብ ነው፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ዓይነት ታካሚ ነው።

ያልገጠመው ቁጥር

ወደ እኛ የተላከው ለክትትልና "ኬሞ ያስፈልገዋል ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ነበር። ቁስሉ ድኗል። ከስቶማው ጋርም እየተላመደ ነው። ባለቤቱ ከረጢቱን መቀየር ከነርሷ ተምራ እሱንም አስተምራዋለች። ክብደቱም መመለስ ጀምሯል።

የማይመለሰው ደሙ ነው። ሆስፒታል እያለ ደም ተሰጥቶታል። ከወጣ በኋላ አይረን በትክክል ይወስዳል። ያም ሆኖ ሄሞግሎቢኑ 8.8 ላይ ቆሟል። በአይረን እጥረት የመጣ የደም ማነስ፣ የሚደማው ነገር ከወጣና ሰውየው አይረን ከወሰደ፣ በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። የእሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ቀላሉ ነገር "ኦፕራሲዮን ስለነበረው ነው" ብሎ ማለፍ ነው። የአይረኑን ዓይነት መቀየርም ይቻላል። የስቶማ ነርሷ ግን አንድ ነገር አነሳች። በግራ በኩል ያለ ዕጢ ብዙውን ጊዜ አንጀት ይዘጋል፣ የሚታይ ደም ያመጣል። እንዲህ ያለ የማይታይ፣ ሰውን ቀስ በቀስ የሚያገረጣ ደም መፍሰስ የሚያስታውሳት ግን የቀኙን አንጀት ነው። እዚያ አንጀቱ ሰፊ ነው፤ ሰገራውም ፈሳሽ ነው። ዕጢ ሳይዘጋ በደንብ ሊያድግ ይችላል። ደሙም ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ለዓይን አይታይም። "የቀኙን አንጀቱን ማን አይቶታል?" ስትል ጠየቀች።

ፋይሉን ገለጥን። ማንም አላየውም።

በስቶማው በኩል የተደረገው ኮሎኖስኮፒ

ብዙ ሰው ስቶማ ያለው ታካሚ ኮሎኖስኮፒ ሊደረግለት እንደሚችል አያውቅም። ይቻላል። አንጀት የሚያጸዳው መድኃኒት እንደማንኛውም ሰው በአፍ ይወሰዳል፤ የሚወጣው በስቶማው ስለሆነ ትልቅና ከታች የሚከፈት ከረጢት ያስፈልጋል። ካሜራው በስቶማው ይገባል። ተዘግቶ የቀረው የታችኛው ክፍል ደግሞ በፊንጢጣ በኩል ለብቻው ይታያል። ይህኛው ክፍል አንዳንድ ጊዜ ይረሳል፤ ሰገራ ስለማያልፍበት ሥራ የሌለው ይመስላል። ዕጢ ግን እዚያም ሊኖር ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። አንጀቱ በደንብ ስላልጸዳ ሐኪሙ ግማሽ መንገድ ላይ አቆመ። ታካሚው ተበሳጨ። "ዕጢው ወጥቷል ተብያለሁ፤ አሁን ደግሞ ምን ትፈልጋላችሁ?" አለ። እውነቱን ነው። ስለ ሁለተኛ ዕጢ ከዚያ ቀን በፊት ማንም አላስረዳውም ነበር። ያኔ ቁጭ ብለን አወራን። "እንደገና ማየት የምንፈልገው ሙሉውን አንጀትዎን ማንም ስላላየው ነው። ደምዎ አለመመለሱም አሳስቦናል" አልነው። ቀጥሎ መድኃኒቱን ለሁለት ከፍሎ ማታና ጠዋት ወሰደው። በአንድ ጊዜ ከመውሰድ ይልቅ እንዲህ መከፋፈሉ አንጀቱን በተሻለ ያጸዳል።

በሁለተኛው ሙከራ ካሜራው እስከ መጨረሻው ደረሰ። በቀኝ በኩል ወደ ላይ በሚወጣው አንጀት ላይ አራት ሴንቲሜትር የሚሆን ቁስል የያዘ ዕጢ ነበር። ሲነካ ይደማል። መሃል አንጀቱ ላይ ደግሞ ሁለት ፖሊፖች፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ትንንሽ እብጠቶች፣ ተገኙ። የታችኛው ክፍል ንጹሕ ነበር።

ስርጭት ነው ወይስ አዲስ ካንሰር?

ታካሚው መጀመሪያ የጠየቀን ይህንን ነው። በትክክልም መጠየቅ ያለበት ይህንን ነበር። መልሱ ሁሉን ነገር ይለውጣል። ስርጭት ከሆነ ካንሰሩ ደረጃ 4 ነው። ራሱን የቻለ ሌላ ካንሰር ከሆነ ግን ሁለቱም ገና ሊድኑ የሚችሉ ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ የቆየ መለኪያ አለ። ዋረንና ጌትስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1932 ያስቀመጡት ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃል። እያንዳንዱ ዕጢ በማያጠራጥር ሁኔታ ካንሰር መሆን አለበት። ሁለቱ የተለያዩ፣ በመሃላቸው ጤነኛ አካል ያለ መሆን አለባቸው። አንዱ የሌላው ስርጭት እንዳልሆነ መረጋገጥ አለበት። ሦስተኛው ነው ከባዱ። እዚህ ጉዳይ ላይ ፓቶሎጂስቱ ከዕጢው ጠርዝ በተወሰደው ናሙና ላይ ገና ካንሰር ያልሆነ የፖሊፕ ቅሪት አገኘ። ይህ ማለት ካንሰሩ እዚያው ከአንጀቱ የውስጥ ሽፋን በቅሎ አድጓል ማለት ነው። ስርጭት ቢሆን ኖሮ በብዛት ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ ይታይ ነበር። የሁለቱ ዕጢዎች መልክም ይለያያል። የቀኙ ንፍጥ መሰል ነገር የሚያመነጭና በመከላከያ ሴሎች የተከበበ ነው።

ሁለት ካንሰሮች በስድስት ወር ውስጥ ከተገኙ በአንድ ጊዜ የተከሰቱ ይባላሉ። ከዚያ በኋላ የተገኘው ዘግይቶ የመጣ ይባላል። አንዳንዶች መስመሩን አንድ ዓመት ላይ ያደርጉታል። የዚህ ሰው ሁለተኛ ዕጢ የተገኘው ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ሦስት ወር ሳይሞላ ነው። አራት ሴንቲሜትር የደረሰ ዕጢ ደግሞ በሦስት ወር አይበቅልም። በዚያች ሌሊትም እዚያው ነበር። ወረቀቱ እንዳለው አንድ ዓመት ቢጠበቅ ኖሮ ምናልባት "አዲስ የመጣ" ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ዘግይተው መጡ ከሚባሉት ውስጥ የተወሰኑት በመጀመሪያው ምርመራ ያመለጡ እንደሆኑ አምናለሁ።

አንድ አንጀት ውስጥ ከአንድ በላይ ዕጢ ለምን ይወጣል? መላው የአንጀት ሽፋን የሚጋራው ነገር አለ፤ አንድ ዓይነት ዘረመል፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ምግብና ጭስ አልፎበታል። አንድ ማሳ ላይ አንድ አረም ከበቀለ አፈሩ ለሌላውም ተመችቷል ማለት ነው። አብዛኞቹ ሁለት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በዘር የሚተላለፍ ችግር የለባቸውም። ለረጅም ዓመታት የቆየ የአንጀት ብግነት ያለባቸው ሰዎችም ተጋላጭ ናቸው። ታካሚው ወጣት ሲሆን ግን፣ በተለይ ከ50 ዓመት በታች ሆኖ ሁለት ካንሰር ሲገኝበት፣ ስለ ዘር አለማሰብ አይቻልም።

አራቱ ፕሮቲኖች

ሴል ሲባዛ ዘረመሉን ይገለብጣል። ሲገለብጥ ይሳሳታል። ስህተቱን የሚያርሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ አራቱ ዋናዎቹ ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 ይባላሉ። ፓቶሎጂስት እነዚህን በቀለም አቅልሞ ዕጢው ውስጥ መኖራቸውን ያያል። ምርመራው ቀላል ነው፤ በዚያው በተወሰደው ናሙና ላይ ይሠራል።

የመጀመሪያው ዕጢ ሲወጣ ይህ አልተሠራም ነበር። አሁን በሁለቱም ላይ ተሠራ። ሁለቱም ዕጢዎች ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 አልነበራቸውም። ቀጥሎ የደም ምርመራው ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ የኤምኤስኤች2 ጉድለት አረጋገጠ። ይህ ሊንች ሲንድረም የሚባለው፣ ለካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። በአጠቃላይ ከ100 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች 3 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው።

ሊንች ሲንድረም ያለበት ሰው ላይ ጊዜ ያጥራል። በሌላ ሰው ላይ ትንሽ ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመለወጥ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እዚህ ግን ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ነው ኮሎኖስኮፒው በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ የሚደረገው።

ምን ያህል ይቆረጥ?

ሰርጀኖች፣ የካንሰር ሐኪሞች፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የስቶማ ነርሷና የዘረመል አማካሪዋ ተሰበሰቡ። ሁለት መንገድ ቀረበ።

አንደኛው የቀኙን አንጀት ብቻ አውጥቶ መሃሉን ማስቀረትና ስቶማውን መዝጋት ነው። ትልቁ አንጀት በከፊል ስለሚቀር የሰገራ ነገር ወደ ቀድሞው ይጠጋል። ግን ሁለት ስፌት ይኖራል፤ የቀረው አንጀትም ዕድሜ ልክ ይጠበቃል። ሁለተኛው የቀረውን ትልቁን አንጀት በሙሉ አውጥቶ ትንሹን አንጀት ከፊንጢጣው ክፍል ጋር ማገናኘት ነው። ስፌቱ አንድ ነው፤ ስቶማውም አብሮ ይዘጋል። ዋጋው ግን ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት መሄድ ነው።

ሚዛኑን የደፋው የታካሚው ዕድሜና የዘረመል ውጤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ሊንች ሲንድረም ኖሮባቸው ከፊል አንጀት ብቻ የወጣላቸውን ሰዎች ተከታትሏል። በ10 ዓመት ውስጥ 16 በመቶ፣ በ20 ዓመት 41 በመቶ፣ በ30 ዓመት 62 በመቶ የሚሆኑት ላይ አዲስ የአንጀት ካንሰር እንደሚመጣ አሳይቷል። የ44 ዓመት ሰው 30 ዓመት እኖራለሁ ብሎ ቢያስብ ተገቢ ነው። የ78 ዓመት ሽማግሌ ቢሆን ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር።

ውሳኔው የእሱ ነው። ባለቤቱን ይዞ መጣ። ጥያቄዎቻቸው ተግባራዊ ነበሩ። በቀን ስንት ጊዜ? ሌሊትስ ይነሳል? ረጅም ጉዞ መሄድ ይችላል? ሥራውንስ? የምናውቀውን ነገርናቸው። ሙሉውን ለማውጣት መረጠ።

የሁለተኛው ኦፕራሲዮን ውጤት አንድ መራራ ነገር ይዞ መጣ። ከተመረመሩት 31 ንፍፊቶች ሁለቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። የቀኙ ዕጢ ደረጃ 3 ነበር። ሁለት ካንሰር ሲኖር እያንዳንዱ ለየብቻው ደረጃ ይሰጠዋል፤ ሕክምናውን የሚመራው ግን የከፋው ነው። መጀመሪያ የተገኘውና ሁሉም ሰው ሲያወራለት የነበረው ዕጢ ቀላሉ ሆኖ ተገኘ።

ይህ የኬሞውን ጥያቄም ገለበጠው። እንደዚህ ዓይነት የዘረመል ስህተት የማረም ጉድለት ያለበት ደረጃ 2 ካንሰር ላይ፣ ብቻውን የሚሰጥ የፍሉሮዩራሲል ዓይነት ኬሞ ጥቅም የለውም። በመጀመሪያው ዕጢ ብቻ ብንወስን ወይ የማይጠቅመውን ኬሞ እንሰጠው ነበር፣ ወይ ምንም አያስፈልግም ብለን እናሰናብተው ነበር። ለደረጃ 3 ግን ኦክሳሊፕላቲን የተባለ መድኃኒት የተጨመረበት ኬሞ ይሰጣል። እሱም ይህንኑ ጀመረ።

በቤተሰቡ ውስጥ የነበረው

በድንገተኛው ሌሊት ፋይል ላይ "በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር፦ የለም" ተብሎ ተጽፏል። አልዋሸም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የዘረመል አማካሪዋ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀችው። "እናትዎ በሕይወት አሉ? በምን አረፉ? ስንት ዓመታቸው ነበር? የእናትዎ ወንድሞችና እህቶችስ?"

እናቱ በ51 ዓመቷ በማህፀን ካንሰር ሞታለች። የእናቱ ወንድም በ47 ዓመቱ "በሆድ በሽታ" ሞቷል፤ አንጀቱ ተቆርጦ እንደነበር አንዲት ዘመድ አስታወሰች። ሊንች ሲንድረም የአንጀት ካንሰር ብቻ አያመጣም። የማህፀን፣ የእንቁላል ከረጢት፣ የጨጓራ፣ የትንሹ አንጀትና የሽንት ቧንቧ ካንሰርም አብሮ ይሄዳል። አምስተርዳም በሚባለው መለኪያ ሦስት የታመሙ ዘመዳሞች፣ ሁለት ትውልድ፣ ቢያንስ አንዱ ከ50 ዓመት በታች ከሆነ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ይህ ቤተሰብ መለኪያውን ያሟላል። ቤተሰቡ ግን የእናቱንና የአጎቱን ሞት በፍጹም አገናኝቶት አያውቅም። ማንስ ያገናኘዋል?

እህቱ 39 ዓመቷ ነው። ተመርምራ ጉድለቱ ተገኘባት። ኮሎኖስኮፒዋ አንድ ፖሊፕ አሳየ፤ እዚያው ወጣ። ካንሰር አልነበረም። ልጅ ወልዳ ስለጨረሰች ማህፀኗንና የእንቁላል ከረጢቶቿን ስለማስወጣት ከሐኪም ጋር እየተነጋገረች ነው። ታላቅ ወንድሙ ግን አልመረመርም ብሏል። "ምንም አላመመኝም" ነው የሚለው። መብቱ ነው። ታካሚው ግን ይህ ነገር ከራሱ ሕመም በላይ እንደሚያብከነክነው ነግሮናል።

እያንዳንዱ ልጁ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ትልቋ 19 ዓመቷ ሲሆን ለማሰብ ጊዜ ጠይቃለች። ትንሹ 16 ነው፤ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ራሱ ይወስናል። ኮሎኖስኮፒው የሚጀመረው ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሆነ በመጠበቁ የሚቀርበት ነገር የለም።

የተሳካውና ያልተሳካው

የተሳካው ብዙ ነው። ሁለተኛው ዕጢ ወደ ጉበት ሳይሄድ ተገኘ። ስቶማው ተዘጋ። ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ ሄሞግሎቢኑ መውጣት ጀመረና ከ13 አለፈ። እህቱ ካንሰር ሳይሆንባት ተደረሰባት።

ያልተሳካውም ቀላል አይደለም። ትልቁ አንጀት ዋና ሥራው ውኃን መልሶ መምጠጥ ነው። እሱ ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን እስከ ስምንት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄድ ነበር። በዚህ ላይ ኬሞው ተቅማጥ ጨመረበት። ውኃ አጥሮት፣ ኩላሊቱ ተጎድቶ፣ እንደገና አልጋ ያዘ። ኩላሊቱ አገግሟል። የኬሞውን መጠን መቀነስ ግን ግድ ሆነ። ሙሉው ትልቅ አንጀቱ ለወጣ ሰው ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ተቅማጡ፣ ሎፔራማይድ በተባለው የተቅማጥ መድኃኒት፣ ልክ መያዝ አለበት። ጨውና ስኳር ያለበት ፈሳሽ እንዴት እንደሚወስድ፣ መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚሮጥም በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ለእሱ ይህ የተሰጠው ከታመመ በኋላ ነው። አሁን በቀን አራት ጊዜ ገደማ ይሄዳል። ከኦክሳሊፕላቲኑ የተነሳ የእግር ጣቶቹ ላይ ያለው መደንዘዝ አልለቀቀውም።

ስለ አስፕሪንም ተወያይተናል። ካፕ2 የተባለው ጥናት ሊንች ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች በቀን 600 ሚሊግራም አስፕሪን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሲወስዱ የአንጀት ካንሰር እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል። ጥቅሙ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። አስፕሪን ግን ጨጓራን ሊያደማ ይችላል፤ ኩላሊቱ በቅርቡ ተጎድቶ ለነበረ ሰው ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኬሞው አልቆ ኩላሊቱ እስኪረጋጋ ቆየት ብለናል። ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳይጀምረው እመክራለሁ።

ለሌላ ታካሚ የሚተርፈው

የመጀመሪያው ትምህርት የማይገጥም ምልክትን አለማለፍ ነው። የተገኘው በሽታ ያለውን ምልክት ሁሉ ማስረዳት አለበት። አንድ ምልክት ከቀረ፣ ዕጢው ከወጣም በኋላ ካልጠፋ፣ ፍለጋው አላለቀም።

ሁለተኛው ስለ ኮሎኖስኮፒ ነው። ኦፕራሲዮን ከመደረጉ በፊት ሙሉውን አንጀት ማየት ከተቻለ መታየት አለበት። ሁለተኛ ካንሰር ቢኖር የሚቆረጠው ቦታ ይለወጣልና። ዕጢው ካሜራ ካላሳለፈ አንጀቱን በአየር ነፍቶ የሚደረግ የሲቲ ምርመራ አለ፤ ከዕጢው ማዶ ያለውን ያሳያል። ድንገተኛ ሆኖ ሁለቱም ካልተቻሉ የመውጫ ወረቀቱ ላይ "ቀሪው አንጀት አልታየም" የሚል ዓረፍተ ነገር በግልጽ መጻፍ አለበት። የሚቀጥለው ሐኪም የሚያነበው ወረቀቱን ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ኖሮ የነርሷን ንቃት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

የአራቱ ፕሮቲኖች ምርመራ ለሁሉም የአንጀት ካንሰር ቢሠራ መልካም ነው። በዕድሜና በቤተሰብ ታሪክ ብቻ እየመረጡ መሥራት ብዙ ሰው ያሳልፋል። የቤተሰብ ታሪክም ሲጠየቅ "አለ ወይስ የለም?" ከማለት ይልቅ በየዘመዱ እየሄዱ "በምን፣ በስንት ዓመታቸው?" ማለት ይሻላል። የማህፀን ካንሰርን በስም ጠርቶ መጠየቅ በተለይ አይረሳ።

ለታካሚዎችና ለቤተሰቦች ደግሞ ይህን እላለሁ። ከአንጀት ኦፕራሲዮን በኋላ ከሆስፒታል ስትወጡ ሐኪማችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። "ሙሉው አንጀቴ በካሜራ ታይቷል?" "ካልታየ ቀጠሮዬ መቼ ነው?" "ዕጢዬ ላይ የዘር ምርመራ ተሠርቷል?" ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም። መልሱን አስጽፋችሁ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀምጡት። ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ።